የአንድ ዓመት ልጅ

በእኛ ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ መማር ማለት ዲግሪ ይዞ መመለስ ማለት ነበር። ደሴ ውስጥ «አሜሪካ ነው ያለው» የተባለ ሰው ሲመለስ ወይ ሐኪም ነው፣ ወይ መሐንዲስ፣ ወይ ደግሞ አንዱ ሚኒስቴር ውስጥ ወንበር የሚጠብቀው ባለሥልጣን። እኔ ግን በ1961 ዓ.ም. ክረምት የተነሣሁት ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ያውም የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ልጅ ሆኜ ልኖር። አባቴ ነገሩን ለወዳጆቻቸው ለማስረዳት ያዩት አበሳ ዛሬም ትዝ ይለኛል። «ምን ልትማር ነው?» ይሏቸዋል። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል።» «ከዚያስ?» «ትመለሳለች።» «ተመልሳስ?» «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች።» ጠያቂው ፊቱን ወደ ጦሳ ተራራ ያዞርና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል።

የላከኝ ድርጅት አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ ይባላል። ትውልዱ ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በአምቡላንስ ቁስለኛ ያመላልሱ የነበሩ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነበር፤ በሁለተኛውም ጦርነት ያንኑ ሥራ ሠራ። ሁለት ጊዜ ከመኪና ወለል ላይ የሰው ደም ያጠቡት እነዚህ ሾፌሮች፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ፊታቸውን ወደ ወጣቶች አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከ10 አገሮች የመጡ 52 ተማሪዎችን ተቀበሉ። እምነታቸው ባጭሩ ይኸው ነው፦ በልጅነቱ በሰው አገር ማዕድ የቆረሰ ሰው፣ አድጎ በዚያ አገር ላይ ጠመንጃ ለማንሣት እጁ ይከብደዋል። እውነት ይሁን ምኞት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወጣና ሳወርደው ኖሬያለሁ።

ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማሩን፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ አገራችን መግባት የጀመሩት የፒስ ኮር መምህራን ነበሩ። ማመልከቻውን ያመጣልኝም ከእነሱ አንዱ ነው። በዚያው ሰሞን ግን ከፍ ከፍ ያሉት ተማሪዎች «ፒስ ኮር ይውጣ» ማለት ጀምረዋል። ታላቅ ወንድሜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስለነበር፣ ለክረምት እረፍት ሲመጣ ወሬው ሁሉ ኢምፔሪያሊዝም ነው። ሆኖም አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመልኝ እሱ ነበር። «ሂጂና የበዝባዡን ጓዳ አይተሽ ትነግሪኛለሽ» አለኝ እየሳቀ።

ጓዳውን አየሁት። ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ በቆሎና አኩሪ አተር የሚያርስ የገበሬ ቤት ነው። አባትየው፣ እናትየው፣ ኮሌጅ የገባ ወንድ ልጅ፣ የእኔ እኩያ የሆነች ሴት ልጅ፣ አጠገባቸው ባለች ትንሽ ቤት ደግሞ አያትየው ይኖራሉ። እኔን በማኖራቸው የሚከፈላቸው ሳንቲም የለም፤ ደንቡ ነው። ለእኔም ደንብ ነበረኝ፦ መኪና መንዳት የለም፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሊፍት መለመን የለም፣ ዓመቱ ሳያልቅ አገር ቤት መመላለስ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእንግዳ ሳምንታት ነበሩ። «ትጨምሪያለሽ?» ሲሉኝ እንደ አገሬ ወግ «በቃኝ» እላለሁ፤ ሳህኑ ያልፈኛል፤ ርቦኝ እተኛለሁ። ሁሉም ይጠነቀቁልኛል፣ ሁሉም ቀስ ብለው ያናግሩኛል። ይህ የተሰበረው አንድ ዓርብ ማታ ነው። ከትምህርት ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ (የእነሱን፣ በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው) ከልጆች ጋር አምሽቼ፣ ሳላስታውቅ፣ በእኩለ ሌሊት ገባሁ። እናትየው የሌሊት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆመዋል። ቀስ ብሎ ማናገር ቀረ። ምን እንዳሉኝ ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት በቀር ከቤት እንደማልወጣ ነው። እያለቀስኩ ክፍላችን ስገባ ልጃቸው ከብርድ ልብሷ ሥር ብቅ ብላ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ፤ «እንግዳነትሽ አለቀ።» ከዚያ ቀን በኋላ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው የዕቃ አጠባ ተራ የእኔም ስም ገባ። እኔም «በቃኝ» ማለት ተውኩ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ የምለው የለኝም። ቢጫው አውቶቡስ፣ ባለ ቁልፉ ሎከር፣ ካፍቴሪያው፣ ሴቶችን ብቻ ልብስ ስፌት የሚያስተምሩበት ክፍል፣ ሁሉም ዛሬ በፊልም የሚታወቅ ነው። ስለ ብርዱ ደግሞ ይህን ብቻ ልበል፤ የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ብርድ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ገና ሲቃረብ ግን አያትየው አንድ ነገር አሳዩኝ። ወላጆቻቸው የኖርዌይ ስደተኞች ነበሩ። ቅቅል ድንች ፈጭተው፣ ከዱቄትና ከቅቤ ጋር አቡክተው፣ ሊጡን በመዳመጫ እያሳሱ እንደ ወረቀት አደረጉት። ከዚያም ከቁም ሳጥን ሥር ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አወጡ። ምጣድ ነው! እግር ያለው፣ ሰፊ፣ ልሙጥ ምጣድ። ሊጡን በረጅም ስስ እንጨት አንሥተው ያነጥፉታል፣ አረፋ አረፋ ሲል በዚያው እንጨት ይገለብጡታል። «ሌፍሰ» ይሉታል። «እኔ ልሞክር» አልኳቸው። የመጀመሪያው ተቀደደ፣ ሁለተኛው ተጣጠፈ፤ ሦስተኛውን ግን እጄ ራሱ አወቀው። አሮጊቷ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና እንጨቱን ለእኔ ትተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የዚያን ዓመት የገና ሌፍሰ አብዛኛውን የጋገርኩት እኔ ነኝ።

የልውውጥ ተማሪ ከመማር ሌላ ሥራ አለው፤ አገሩን ማስተዋወቅ። ነጭ ቀሚሴን ከነነጠላው እየለበስኩ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተናገርኩ። ዕድሜያቸው የገፋው ንጉሠ ነገሥቱን ያውቋቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በኬኔዲ ቀብር ከዠነራል ደጎል ጎን ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይተዋቸዋል። ወንዶቹ አበበ ቢቂላን ይጠይቁኛል። እኔም ስለ አድዋ፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ አሥራ ሦስት ወራችን እናገራለሁ፤ ያጨበጭባሉ፤ ቡናና ኬክ ይቀርባል። ወንድሜ የሚያነሣቸውን ነገሮች አላነሣም ነበር።

ከዚያ ሁሉ አዳራሽ ይልቅ አሜሪካን ያስረዳኝ አንድ ጸጉር ቤት ነው። አገሬ ሳለሁ ሹሩባዬን የምትሠራኝ እናቴ ነበረች። በዚያች ከተማ የእኔን ዓይነት ጸጉር የያዘ ሰው ስላልነበረ፣ የአሜሪካዋ እናቴ በራሳቸው ማበጠሪያ ታግለው ታግለው ሲያቅታቸው፣ መኪና አስነሥተው ሰሜን ሚኒያፖሊስ ወደ ጥቁሮች ሰፈር ወሰዱኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ረብሻ ተነሥቶ ሱቆች የተቃጠሉበት ፕሊመዝ ጎዳና እዚያው ነው። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ነጭ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጽሔት ያገላብጣሉ። ጸጉሬን የምትሠራው ሴት ከየት እንደ መጣሁ፣ ማን ጋ እንደምኖር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ማበጠሪያውን ሳታቆም፣ ድምፅዋንም ሳትቀንስ፣ «ከባሕር ማዶ ልጅ አስመጥተው ያኖራሉ፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያሉትን የእኛን ልጆች ግን አንድ ቀን ምሳ ጠርተዋቸው አያውቁም» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እናትየውም ሰምተዋል። ስንመለስ በቆሎው የታጨደበት ባዶ ሜዳ በግራና በቀኝ እያለፈ ብዙ ተጓዝን፤ በመጨረሻ «እውነቷን ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ጸጉሬ ጊዜው ሲደርስ ግን ወደዚያችው ሴት ይወስዱኝ ነበር፤ መጽሔቱን ትተው ከሴቲቱ ጋር ማውራትም ጀመሩ። በእኔ ምክንያት የቀለም ልዩነት ተፈታ ልል አልችልም። እኔን እንደ ልጅ ለመቀበል የቀለላቸው እንግዳ ስለሆንኩ፣ በዓመቱም ስለምሄድ እንደሆነ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰብን። ለቬትናም ጦርነት የሚዘምቱ ወጣቶች በዕጣ ሊለዩ ነው። 366 ሰማያዊ ፕላስቲክ ቀፎዎች በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ተሞልተዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን አለ። ከ1944 እስከ 1950 የተወለደ ወንድ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል የመጀመሪያውን አወጡ፤ ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ኮሌጅ ያለው ልጃቸው ያን ማታ ቤት መጥቶ ነበር። አባትየው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይጽፋሉ፤ እናትየው የሚሠሩት ሹራብ ላይ አቀርቅረዋል፤ እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም። የልጁ ቀን ከ300 በላይ ሲወጣ ማንም እልል አላለም። የጎረቤታቸው ልጅ ቀን ቀደም ብሎ፣ ከመጀመሪያዎቹ መካከል፣ ወጥቶ ነበርና። እናትየው ተነሥተው የመስኮቱን መጋረጃ ዘጉ፤ በእኛ ቤት ያለውን እፎይታ ከመንገዱ ማዶ እንዳያዩት ነው። በማግሥቱ ጠዋት የፖም ኬክ ጋግረው ወደ ጎረቤት ሄዱ። ለቅሶ ቤት እንደሚኬደው ዓይነት አካሄድ ነው፤ ወዲያው አወቅሁት።

ጥር ውስጥ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከቤት የሚላከው ሰማያዊ ኤሮግራም ሳይሆን የጣልያን ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ነው፤ በሰው እጅ ሮም ድረስ ወጥቶ ከዚያ የተላከ። ጽሕፈቱ የወንድሜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ መሞቱን፣ በማግሥቱ አስከሬኑን ስድስት ኪሎ ግቢ አስገብተው ሲያለቅሱ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች መተኮሳቸውን ጽፎልኛል። እሱ አጥር ዘሎ አምልጧል። በዚያው ሳምንት የመጣው የአባቴ ኤሮግራም ደግሞ «ሁላችንም ደኅና ነን፤ ወንድምሽም ደኅና ነው፤ ትምህርት ለጊዜው ተዘግቷል» ይላል፤ ሌላው ሁሉ ስለ እህልና ስለ ዘመድ ጤና ነው። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጌ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳቸው አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ አዳራሽ ተጠርቼ ነበር። ስለ አሥራ ሦስት ወራችን ተናገርኩ።

ሜይ 4 ቀን 1970 ኦሃዮ ውስጥ፣ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ጦርነቱን በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራት ገደሉ፤ ዘጠኝ አቆሰሉ። በዚያው ሳምንት እራት ላይ አባትየው «ወታደሩ ምን ያድርግ? ድንጋይ ሲወረወርበት ቆሞ ይይ?» አሉ። ልጅየው ሹካውን አስቀምጦ ተነሣ። እናትየው «ተቀመጥ» አሉት፤ አልተቀመጠም። በሩ ጋ ሲደርስ፣ እኔ ሳላስበው፣ «በእኛም አገር ተኩሰዋል» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከጥር ጀምሮ የያዝኩትን አወጣሁት፤ ጥላሁንን፣ አስከሬኑን፣ የወንድሜን አጥር መዝለል። አባትየው ልጃቸውን ረስተው «ተማሪዎቹ ምን ፈልገው ነው የተነሡት?» አሉኝ። «መሬት ላራሹ» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። ጭሰኛው ከሚያመርተው ግማሹን፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ለባለመሬት እንደሚሰጥ፣ ባለመሬቱ ካሰኘው እንደሚነቅለው አስረዳኋቸው። ኒክሰንን የመረጡት፣ ሰልፈኛ ሲያዩ ደማቸው የሚፈላው እኚያ ገበሬ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ካራሹ ሌላ ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?» አሉ። አያታቸው ከኖርዌይ የወጡት የጌታ መሬት ማረስ መሯቸው እንደሆነ፣ እዚህ ሲመጡ ሆምስቴድ በተባለው የ1862 ሕግ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ አርሰው አምስት ዓመት ስለኖሩበት ብቻ የራሳቸው እንደሆነ ነገሩኝ። «እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀ ልጅ ይገደላል?» አሉ። እናትየው ቀስ ብለው «የኦሃዮዎቹም እኮ ልጆች ናቸው» አሏቸው። አባትና ልጅ ያን ማታ አልታረቁም፤ ልጁ ግን ከበሩ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እራቱ አለቀ።

ስለዚያ መሬት ያልተነገረኝም ነበር። ብዙ ቆይቶ በመጽሐፍ ያገኘሁት ነው። ሕጉ በወጣበት በዚያው በ1862፣ የደቡብ ሚኒሶታ ባለአገር የሆኑት የዳኮታ ሕዝቦች ተራቡና ተነሡ፤ ተሸነፉም። ዲሴምበር 26 ቀን ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። የቀሩትም ከግዛቱ ተባረሩ። እኔ የበቆሎ ማሳውን እያየሁ «መሬት ላራሹ እንዲህ ነው» ስል፣ ከአራሹ በፊት ማን ነበረበት ብሎ የጠየቀ በዚያ ማዕድ ላይ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት ተመለስኩ። አባቴ እንዳሉት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማርኩ፤ ማትሪክ ተፈተንኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው የመፈክር ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ እንደማንኛውም ሰው ጨፈርኩ። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካኖቹን መሥሪያ ቤቶች ሲዘጋም ሰልፍ ወጥተናል። ግራ እጄን አንሥቼ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ብያለሁ፤ ያላለ ማን አለ? ነገር ግን አፌ ሲል፣ ሐሳቤ ያን የእራት ጠረጴዛ ያገኘዋል። ኢምፔሪያሊዝም ለጓደኞቼ ኮፍያ ያደረገ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሲጋር የሚያጨስ የካርቱን ሰው ነበር። እኔ የማውቀው አሜሪካዊ ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ላም የሚያልብ፣ ከልጁ ጋር የተኳረፈ፣ ስለ አገሬ ጭሰኛ የተቆጣ ነው። አዋጁን ቢሰሙ ኖሮ «ላራሹ ነው ወይስ ለመንግሥት?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ያን ጥያቄ በዚያ ሰዓት ጮክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ደብዳቤ መጻጻፍ አስጊ በሆነበት ዘመን እንኳ የገና ካርዳቸው በአባቴ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይመጣ ነበር። ፖለቲካ የለበትም፤ ስለ በቆሎው ዋጋ፣ ስለ አያትየው ሞት፣ የጎረቤታቸው ልጅ ከቬትናም ስለ መመለሱ ነው። አባቴ ለወዳጆቻቸው ማስረዳት ያቃታቸውን ነገር በመጨረሻ የሚያስረዱበት መንገድ ያገኙት በዚህ ነው። «ያቺ ልጄን ያሳደገችልኝ ሴት ጻፈች» ይላሉ። ሴቲቱ ያኖሩኝ አንድ ዓመት ነው፤ ግን ማንም አላረማቸውም።

ታዲያ ሾፌሮቹ ልክ ነበሩ? ማዕድ መቁረስ ጦርነትን ያስቀራል? አያስቀርም። ልጃቸውን ከቬትናም ያዳነው ዕጣ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኛም እርስ በርስ የተላለቅነው በአንድ መሶብ እየበላን ነው። ዛሬ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በእኛ አገር ሰዎች የተሞሉ ናቸው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ በየሱቁ ይሰማል። የእኔም ዘመዶች እዚያ አሉ። ሃያ ዓመት ኖረው የነጭ አሜሪካዊ ቤት እራት በልተው የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ የጸጉር ሠሪዋ ነገር ገና አልተፈታም ማለት ነው። አብሮ መኖር ብቻውን አያስተዋውቅም። የሚያስተዋውቀው በሰው ቤት ደንብ ሥር መግባት ነው፤ የዕቃ አጠባ ተራ መያዝ፣ ሲያመሹ መቆጣት፣ ሲኳረፉ መሐል መቀመጥ።

ይህን የምለው ስለ አሜሪካ ብቻ አስቤ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ሆነን ወደ ገጠር ወጥተናል፤ እኔም ዘምቻለሁ። ነገር ግን የሄድነው ልናነቃ፣ ልናስተምር ነበር። የምናድረው በጣቢያ ነው፤ የምንበላው የራሳችንን ነው፤ «ምነው አመሸሽ?» ብላ የተቆጣችን እናት አልነበረችም። ያን ሁሉ ወጣት አገሩን እንዲያውቅ ላክነው፤ የማንም ልጅ ግን አላደረግነውም።

አንድ የጎንደር ልጅ ነቀምቴ፣ አንዲት የጅግጅጋ ልጅ ሶዶ፣ አንድ የመቀሌ ልጅ ደሴ አንድ የትምህርት ዓመት ሰው ቤት ቢኖሩ ምን ያስከፍላል? አንድ ፍራሽና አንድ ተጨማሪ ሳህን ነው። የቋንቋው ችግር በወራት ይፈታል፤ በእኔ አይቼዋለሁ። በዚህ ጠብ ይቀራል አልልም። ነገር ግን የአንድን ሕዝብ ስም እየጠራ የሚሳደብ ሰው በተነሣ ቁጥር፣ በየሰፈሩ «ቆይ እንጂ፣ እኔ ቤታቸው ኖሬ አውቃቸዋለሁ» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ፣ ተሳዳቢው ቢያንስ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ለዚያ አንድ ዓመት ብዙ አይደለም።